ቀለሙ ሲወጣ ማሳው እንዳይጠፋ፦ የመልክዓ ምድር ፎቶግራፍን ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ

ዲክሲስ፦ በመስከረም አጋማሽ የአርሲ ደጋ ቀለሙ ብዙ ነው። ገብሱና ስንዴው ለምልሟል፤ ጎመንዘሩ ቢጫ አበባውን አፍክቷል፤ ታርሶ የቆየው ማሳ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ ሰማዩም ዝናብ አጥቦት ጥርት ብሏል። ከአሰላ በስተምሥራቅ በምትገኘው ዲክሲስ ቆሞ ወደ ምዕራብ ለሚመለከት ሰው፣ ከማሳዎቹና ከባሕር ዛፉ ረድፍ ባሻገር ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የበዳ ተራራ ተንጣሎ ይታየዋል።

ይህን ውበት በእጅ ስልኩ ያነሳ ሰው፣ ፎቶግራፉን ወደ ጥቁርና ነጭ ለመለወጥ አንዲት ቁልፍ መንካት ይበቃዋል። ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ ቅር ያሰኛል። ዐይን በግልጽ ይለያቸው የነበሩት አረንጓዴው ገብስና ቀዩ አፈር በአንድ ዓይነት ግራጫ ይዋሃዳሉ፤ የማሳው ድንበር ይጠፋል፤ ሰማዩም አመድ የነፉበት ይመስላል።

ጥፋቱ የካሜራው አይደለም። ፎቶግራፍን ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ ቀለምን ማስወገድ ብቻ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ቀለም ምን ያህል ብሩህ ወይም ጨለማ ሆኖ እንዲታይ መወሰን ነው። ውሳኔውን ባለቤቱ ካልወሰነ መሣሪያው ይወስንለታል። መልክዓ ምድሩ የገበሬ ማሳ፣ የተራቆተ ተዳፋት ወይም ያገገመ ተፋሰስ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ ውሳኔው ከውበት ያለፈ ትርጉም ይኖረዋል፤ ፎቶግራፉ ነገ ስለዚያ መሬት የሚመሰክር ሰነድ ነውና።

ሦስት ቀለሞች፣ አንድ ግራጫ

የዲጂታል ካሜራ እያንዳንዷን የምስል ነጥብ ወይም ፒክስል የሚመዘግበው በሦስት ቁጥሮች ነው፤ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መጠን። በተለመደው የጄፔግ ፋይል እያንዳንዱ ቁጥር ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሲሆን ግን ሦስቱ ቁጥሮች ወደ አንድ ቁጥር ይጠቀለላሉ። ዜሮ ፍጹም ጥቁር፣ 255 ፍጹም ነጭ፣ በመካከል ያለው ሁሉ ግራጫ ነው።

የሰው ዐይን ለሦስቱ ቀለሞች እኩል ንቁ አይደለም፤ ይበልጥ የሚጎላበት አረንጓዴ ሲሆን፣ ሰማያዊ እጅግ ያነሰ ብሩህ ሆኖ ይታየዋል። ለዚህም ነው በስፋት ከሚሠራባቸው ቀመሮች አንዱ ከቀዩ 30 በመቶ ገደማ፣ ከአረንጓዴው 59 በመቶ፣ ከሰማያዊው 11 በመቶ ወስዶ የሚደምረው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ቀጥለው ያሉት ቁጥሮች ለማስረጃ ያህል የተወሰዱ ናቸው። አረንጓዴው የገብስ ማሳ 90 ቀይ፣ 140 አረንጓዴና 60 ሰማያዊ አለው እንበል። ከጎኑ ያለው ቀይ አፈር 150 ቀይ፣ 90 አረንጓዴና 60 ሰማያዊ ነው። በቀመሩ ሲሰላ ገብሱ 116፣ አፈሩ ደግሞ 105 ይሆናል። በቀለም ፈጽሞ የማይመሳሰሉት ሁለቱ ማሳዎች በብርሃን መጠን ከሞላ ጎደል እኩል ናቸው። የማሳው ድንበር የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ቀመሩን ትተን ቀዩን ቁጥር ብቻ እንውሰድ። አፈሩ 150፣ ገብሱ 90 ይሆናል፤ ማለትም አፈሩ ፈክቶ ሰብሉ ይጠቁራል። አረንጓዴውን ብቻ ብንወስድ በተቃራኒው ገብሱ 140፣ አፈሩ 90 ሆኖ ሰብሉ ፈክቶ መሬቱ ይጠቁራል። ከአንድ ፎቶግራፍ ሁለት ተቃራኒ ምስሎች ወጡ። ሁለቱም ከእውነተኛው ብርሃን የተገኙ ናቸው፤ የሚናገሩት ግን የተለያየ ነው።

ሰማያዊውን ብቻ የወሰድን እንደሆነ ሌላ ነገር ይከሰታል። ገብሱም አፈሩም 60 ሆነው በአንድ ጥቁረት ይዋጣሉ። 90 ቀይ፣ 140 አረንጓዴና 210 ሰማያዊ አለው ብለን የምናስበው ሰማይ ደግሞ ወደ ነጭነት ይጠጋል። እንዲህ ያለው ምስል በቤተ ሙከራ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ የኢትዮጵያ መልክዓ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ በስፋት ፎቶግራፍ ሲነሳ የታየው በዚሁ መንገድ ነበር።

የ1868ቱ ካሜራ ያየውና ያላየው

እ.ኤ.አ. በ1868 በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ከዙላ የባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ የምሕንድስና ክፍሉ ፎቶግራፍ አንሺዎችን ይዞ ነበር። ባለሙያዎቹ በጉዞው ላይ ካነሷቸው ምስሎች መካከል ተራሮችን፣ ሸለቆዎችንና ሜዳዎችን የሚያሳዩ ይገኙበታል።

በዚያ ዘመን ይሠራበት የነበረው በኬሚካል የተቀባ የመስታወት ሳህን ብርሃን የሚቀበለው በዋናነት ከሰማያዊና ከዚያ ባሻገር ካለው ለዐይን ከማይታየው ጨረር ነበር። ለቀይ ፈጽሞ ዕውር ነበር ማለት ይቻላል፤ ለአረንጓዴም ደካማ ነበር። ስለዚህ የዘመኑ ሳህን ቀይ አፈርንም ለምለም ሣርንም ወደ ጥቁረት ይስባል፤ ሰማዩን ግን፣ ደመና ቢኖርበት እንኳ፣ ባዶ ነጭ ያደርገዋል። በድሮ ፎቶግራፎች ላይ ሰማዩ ባዶ ሆኖ የሚታየው በዚያን ዕለት ደመና ስላልነበረ ብቻ አይደለም።

ይህ ዝርዝር ተራ የታሪክ ማስታወሻ አይደለም። በሰሜን ኢትዮጵያ 40,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሸፍን አካባቢ ጥናት ያካሄዱ የቤልጅየምና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች፣ እ.ኤ.አ. ከ1868 እስከ 1994 በተነሱ ፎቶግራፎች ላይ የሚታዩ 361 ቦታዎችን ፈልገው በማግኘት እንደገና ፎቶግራፍ አንሥተዋቸዋል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲታተም የደረሰበት ድምዳሜ ብዙዎች ከሚገምቱት የተለየ ነበር። የዛፍና የቁጥቋጦ ሽፋኑ፣ የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራውና የመሬት አያያዙ ካለፉት ዘመናት ይልቅ ዛሬ ተሽሎ ተገኝቷል። የቀድሞው ዘመን ሁሉ ለምለም፣ የዛሬው ሁሉ ራቁት ነው የሚለው አባባል በዚያ አካባቢ በፎቶግራፍ ፊት አልጸናም።

እንዲህ ያለውን ንጽጽር የሚያደርግ ሰው የግራጫውን ጥቁረት ብቻ አይቶ «እዚህ ደን ነበር» ወይም «እዚህ አፈሩ ተራቁቶ ነበር» ሊል አይችልም። ሰማያዊን ብቻ በሚያይ ሳህን ላይ ጥቁር ሆኖ የሚታየው ነገር ቁጥቋጦም ቀይ አፈርም ሊሆን ይችላልና። ማስረጃው የሚገኘው ከቅርጹ ነው፤ ከዛፉ ጥላ፣ ከቅጠሉ ሸካራነት፣ ከቦረቦሩ ጠርዝ፣ ከእርከኑ መስመር።

ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችበትና በያዘችበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941፣ ከአውሮፕላን የተነሱ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎችም ሌላው ትልቅ ቅርስ ናቸው። በኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ተቀምጠው የተገኙት እነዚህ ምስሎች ከ8,000 በሚበልጡ ጠንካራ ሰሌዳዎች ላይ የተለጠፉ ሲሆኑ፣ በእያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ አራት ፎቶግራፎች ይገኛሉ፤ አንዱ በቀጥታ ወደ ታች፣ ሦስቱ በጎን ተጋድመው የተነሱ። ለጦርነትና ለቅኝ ግዛት ካርታ የተነሱ ምስሎች ዛሬ የመሬት አጠቃቀም ለውጥን ለሚያጠኑ ባለሙያዎች መረጃ ሆነዋል። ያነሳቸው ወገን ያሰበው ሌላ ነበር። ፎቶግራፍ ከአንሺው ዓላማ በላይ ዕድሜ አለው።

ከመስታወት ማጣሪያ ወደ ስልክ

እ.ኤ.አ. በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሁሉንም ቀለማት የሚያይ ፊልም እየተስፋፋ ሲመጣ፣ ፎቶግራፍ አንሺዎች በሌንሱ ፊት ባለቀለም መስታወት ማድረግ ጀመሩ። ደንቡ ቀላል ነው፤ ማጣሪያው የራሱን ቀለም ያፈካል፣ ተቃራኒውን ያጠቁራል። ቢጫ ማጣሪያ ሰማዩን በመጠኑ ያጠቁርና ደመናውን ያጎላል፤ ብርቱካናማው ይብሳል፤ ቀዩ ሰማዩን ወደ ጥቁርነት ያደርሰዋል። አረንጓዴው ደግሞ ቅጠልን ያፈካል። አሜሪካዊው የመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ አንሺ አንሴል አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1927 በዮሰማይት ያነሳው ዝነኛ የገደል ፎቶግራፍ ሰማዩ የጠቆረው በቀይ ማጣሪያ ነው።

ዛሬ ይህ ሥራ ፎቶግራፉ ከተነሳ በኋላ ይከናወናል። በስልክ ላይ በነጻ የሚገኘው ስናፕሲድ በጥቁርና ነጭ ክፍሉ የቀለም ማጣሪያዎች አሉት። ላይትሩምና በኮምፒውተር ላይ በነጻ የሚሠራው ጊምፕ ደግሞ የቀለማቱን ብሩህነት ለየብቻ ለማስተካከል ያስችላሉ። ቁልፏን ነክቶ በመውጣትና በእነዚህ መሣሪያዎች በመሥራት መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው።

በዲክሲሱ ፎቶግራፍ ላይ ሥራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ሊሄድ ይችላል።

አንደኛ፣ ዋናው ባለቀለም ፋይል አይነካም፤ የሚሠራው በቅጂው ላይ ነው። ቀለሙ ወጥቶ በዋናው ፋይል ላይ ከተቀመጠ በኋላ የሚመልሰው የለም። ለጥቁርና ነጭ ምስል ቀለም የሚቀቡ መተግበሪያዎች ቢኖሩም የሚቀቡት በግምት ነው፤ ገብስ የነበረውን ማሳ ስንዴ፣ ቀይ የነበረውን አፈር ቡናማ ቢያደርጉት የሚያርማቸው አይኖርም።

ሁለተኛ፣ ምስሉ ምን እንዲናገር እንደሚፈለግ አስቀድሞ ይወሰናል። የሰብሉ ልምላሜ ከሆነ አረንጓዴውና ቢጫው ከፍ ይላል። የተሸረሸረው አፈር ከሆነ ቀዩና ብርቱካናማው ከፍ ብሎ አረንጓዴው በመጠኑ ዝቅ ይላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል፤ ለዐይን አረንጓዴ የሚመስለው ሣርና ሰብል በፋይሉ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ቢጫ ይበዛበታል፤ ስለዚህ የአረንጓዴው መቆጣጠሪያ ብዙ ለውጥ ካላመጣ ቢጫውን መሞከር ነው።

ሦስተኛ፣ ሰማዩ በመጨረሻ ይስተካከላል። ሰማያዊውን ዝቅ ማድረግ ደመናውን ያጎላል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን የሰማዩ ገጽ ይሻክራል፤ በተራራው ጠርዝና በባሕር ዛፉ ጫፍ ዙሪያ ነጭ መስመር ይወጣል። በተለይ በትንሽ የስልክ ካሜራ ሰማያዊው ቁጥር ጥራቱ ዝቅ ያለ በመሆኑ ችግሩ ፈጥኖ ይታያል። ስልኩ ያልተጨመቀ ጥሬ ፋይል የሚይዝ ከሆነ በዚያ ማንሳት ይመረጣል።

በበጋ ወራት ተራራውን የሚሸፍነው ሰማያዊ ጭጋግም በዚሁ መንገድ ይቀንሳል፤ ቀዩን ማጉላት ሩቁን ያቀርባል። የክረምቱ ጉም ግን ለዚህ አይበገርም። ጉም የውኃ ነጠብጣብ ስለሆነ ሁሉንም ቀለም እኩል ይበትናል፤ የትኛውም ማጣሪያ አይገፈውም። እርሱን እንዳለ ተቀብሎ፣ ከጉሙ ብቅ ያለውን ዛፍ ወይም ጎጆ ማንሳት የተሻለ ነው።

ብርሃኑ ከየት ይመጣል?

ቀለም ከወጣ በኋላ ምስሉን የሚሸከመው የብርሃንና የጥላ ልዩነት ነው። በመሆኑም የሚነሳበት ሰዓት ከመተግበሪያው ይበልጣል። ዲክሲስና አካባቢዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ ላይ በመሆናቸው፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ የቀትር ፀሐይ በአናት ላይ ትቆማለች። በሌሎቹ ወራትም ቢሆን የእኩለ ቀን ጥላ አጭር ነው። በዚህ ሰዓት የተነሳ ተዳፋት እርከኑም ቦረቦሩም ተደፍጥጦ ሜዳ ይመስላል።

ከጠዋቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላም ከ10 ሰዓት በኋላ ያለው ጋዳማ ብርሃን ግን የእያንዳንዱን እርከን ጥላ ያወጣል። የዲክሲስ አቀማመጥ ደግሞ የራሱ ባሕርይ አለው። ተራራው በስተምዕራብ ስለሆነ ጠዋት ብርሃኑ ፊት ለፊት ይመታዋል፤ ዝርዝሩ ይታያል እንጂ ጥልቀቱ አይወጣም። አመሻሽ ላይ ፀሐይዋ ወደ ተራራው ጀርባ ስትወርድ የሸንተረሮቹ ቅርጽ ተደራርቦ በጥቁርና በግራጫ ይለያል። በማሳዎቹ ላይ ያለውን የጎን ብርሃን የሚፈልግ ደግሞ በሁለቱም ሰዓት ፊቱን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ቢያዞር ያገኘዋል።

የጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ኃይል ጎልቶ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። የእርከን መስመር፣ የጎርፍ መፋሰሻ፣ የቦረቦር ጥልቀት፣ የሞፈር ትልም፣ የእህል ክምር፣ በከፍታው ላይ የቆመ ጅብራና አስታ፣ እነዚህ ሁሉ ቅርጾች ናቸው። ቀለም ሲወጣ ዐይን በቢጫው አበባ መማረኩን ትቶ የመሬቱን አጥንት ያያል።

ጥቁርና ነጭ የሚደብቀው

በሌላ በኩል ቀለም ራሱ መረጃ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አርሲ የስንዴ አገር ነው፤ የስንዴ ገበሬ ደግሞ የቢጫን ትርጉም ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በኢትዮጵያ የስንዴ ማሳዎች ላይ ብርቱ ጉዳት አድርሷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ዲገሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ በባሌና በአርሲ በግንድ ዋግ ተጠቅቷል። እነዚህ በሽታዎች በመጀመሪያ የሚታወቁት በቀለማቸው ነው፤ ቢጫ ዋግ በቅጠሉ ላይ በተደረደረ ቢጫ ብናኝ፣ የግንድ ዋግ በአገዳው ላይ በሚወጣ ቀላ ያለ ቡናማ ቁስል።

ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሲሆን ቢጫ ዋግ የያዘው ቅጠል ከጤናማው ትንሽ ፈካ ያለ ግራጫ ይሆናል። ናይትሮጂን አጥሮት የገረጣ ሰብልም እንዲሁ ይፈካል። ለአጨዳ የደረሰ ስንዴም ይፈካል። በሽታ፣ ረሃብና መከር በአንድ ግራጫ ይጠራሉ። ስለዚህ ለግብርና ባለሙያ የሚላክ የሰብል ፎቶግራፍ፣ የተባይ ወይም የበሽታ ማሳወቂያ፣ የግጦሽ ሁኔታን የሚያሳይ ምስል ምንጊዜም በቀለም መሆን አለበት። እዚህ ላይ ጥቁርና ነጭ ያምራል ማለት ገበሬውን ይጎዳል።

ሌላው አደጋ በማሳመር ስም የሚደረግ ማዛባት ነው። ከላይ እንደታየው አረንጓዴውን ዝቅ አድርጎ የጥቁርና የነጩን ልዩነት ማክረር ለምለሙን ማሳ የተቃጠለ ያስመስለዋል። አረንጓዴውንና ቢጫውን ከፍ ማድረግ ደግሞ የሳሳውን ሰብል የተትረፈረፈ ያደርገዋል። በጠራ ቀን የተነሳ ሰማይ ሰማያዊው ዝቅ ሲል ዶፍ ያረገዘ ይመስላል። በግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ሥዕላዊ ፎቶግራፍ ይህ የጥበብ ነጻነት ነው። ስለ ድርቅ፣ ስለ ምርት ወይም ስለ ተፋሰስ ሥራ ከሚነገር ዜናና ሪፖርት ጋር ሲቀርብ ግን ተመልካቹን ማሳሳት ነው።

ለነገው ተመልካች

በየዓመቱ ክረምት በአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ችግኝ ይተከላል፤ በበጋው የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ ይሠራል። ሥራው ውጤት ማምጣቱን ከሚያሳዩ ርካሽ መንገዶች አንዱ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በዓመቱ ተመሳሳይ ወቅትና ሰዓት እየተነሳ የሚቀመጥ ፎቶግራፍ ነው። ለልማት ሠራተኛውም፣ ለትምህርት ቤቱም፣ ለቀበሌውም የሚያስፈልገው አንድ ስልክና ትንሽ ሥርዓት ብቻ ነው። የቆሙበትን ቦታ በድንጋይ ምልክት ማድረግ፣ ቀኑንና አቅጣጫውን መጻፍ፣ ቀጣዩን ፎቶግራፍ ሲያነሱ የቀደመውን በእጅ ይዞ የተራራውን ጫፍና የድንጋዩን ጠርዝ ማመሳከር።

ባለቀለሙ ፋይል በመዝገብ ይቀመጣል። ጥቁርና ነጩ ቅጂ ከጎኑ ሆኖ እርከኑንና ቦረቦሩን አጉልቶ ያሳያል፤ ሁሉም ዓመታት በአንድ ዓይነት የቀለም ማስተካከያ ከተለወጡ ደግሞ ልዩነቱ የመሬቱ እንጂ የመተግበሪያው አይሆንም። ከሥሩ የሚጻፈው ማስታወሻም አጭር ነው፤ የተነሳበት ቀንና ቦታ፣ ከባለቀለም ፎቶግራፍ መለወጡ፣ የትኛው ቀለም ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለ።

የ1868ቱ ፎቶግራፍ አንሺዎች ይህን ማስታወሻ ሊጽፉ አይችሉም ነበር፤ ሳህናቸው የሚያየውን ብቻ ያይ ነበርና። ዛሬ በዲክሲስ ማሳ ዳር ስልኩን ያነሳ ወጣት ግን ሦስቱም ቀለሞች በእጁ ናቸው። ከ100 ዓመት በኋላ ያንን ፎቶግራፍ የሚያይ ሰው ገብሱን ከአፈሩ መለየት አለመቻሉ፣ ዛሬ ዋናው ፋይል በመቀመጡ ወይም በመጥፋቱ የሚወሰን ይሆናል።